አሮጌው ማቀዝቀዣ ተነቅሎ አዲስ ሲተከል ሕጉ ምን ይጠይቃል?

በናይሮቢ የቢሮ ሕንፃ፣ በጅቡቲ ሆቴል ወይም በአዲስ አበባ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ሲበላሽ የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነው። ባለሙያ ይጠራል፤ ኮምፕረሰሩ እንዳበቃለት ይናገራል፤ ዋጋ ይጠየቃል፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ መሣሪያ ይሰቀላል። ውሳኔው የሚወሰነው በጥድፊያ ነው። መዘዙ ግን መሣሪያው በሚያገለግልባቸው ከ10 እስከ 15 ዓመታት ውስጥ በየወሩ በመብራት ሂሳብ ላይ ይታያል።

በበርካታ አገራት ይህ ለውጥ የባለንብረቱ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም። አሮጌ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ ተነስቶ አዲስ ሲተካ የኃይል ቁጠባ ደንቦች ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የመሣሪያውን ብቃት ይመዝናሉ፤ አልፎ አልፎም ተከላው በሦስተኛ ወገን እንዲረጋገጥ ያዛሉ። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ቁጥጥሩ በዋነኝነት የሚያተኩረው ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ ነው። ዕቃው ወደብ ላይ ከታየ በኋላ እንዴት እንደተተከለ የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ይህ ጽሑፍ ደንቦቹ በነባር ሕንፃዎች ላይ እንዴት እንደሚሠሩ፣ በቀጣናው ያለው አሠራር ምን እንደሚመስል፣ እንዲሁም ማቀዝቀዣ ለመቀየር ያሰበ ባለንብረት ወይም ተከራይ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያብራራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው፤ ልዩነት ሲኖር ተገልጿል።

ትኩረቱ ለምን ወደ ነባር ሕንፃዎች ዞረ?

ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ አየር ማቀዝቀዣዎችና ማራገቢያዎች በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኤሌክትሪክ 10 በመቶ ያህሉን ይወስዳሉ። በሕንፃዎች ውስጥ ከሚውለው ደግሞ ድርሻቸው ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ከተሞች እየሰፉ፣ ገቢ እያደገና ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ይህ ድርሻ ከፍ እንደሚል ኤጀንሲው አስጠንቅቋል።

አንድ አገር ጥብቅ የሕንፃ ኮድ ብታወጣ ኮዱ ወዲያውኑ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የሚገነቡትን ነው። ቀድመው የቆሙት ሕንፃዎች ግን 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ግድግዳቸውን አፍርሶ ሙቀት ማገጃ ማስገባት ወይም መስኮታቸውን በሙሉ መቀየር ውድ ነው፤ ተከራይንም ያፈናቅላል። ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ግን በሕንፃው ዕድሜ ሦስትና አራት ጊዜ መቀየራቸው አይቀርም። ባለንብረቱ ገንዘብ ሊያወጣ ቀድሞውኑ ተገድዷል፤ ባለሙያውም ሥፍራው ላይ ይገኛል። ሕግ አውጪዎች ወደ አሮጌ ሕንፃ መግቢያ አድርገው የመረጡት ይህንኑ አጋጣሚ ነው።

መሠረታዊው መርህ፦ የተቀየረው ክፍል የዛሬውን ደንብ ያክብር

በአሜሪካ በርካታ ግዛቶች የሚመሩበት ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ቁጠባ ኮድ ከ2015 እትሙ ጀምሮ ለነባር ሕንፃዎች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። መርሁ ቀላል ነው። በነባር ሕንፃ ላይ የሚቀየር ወይም የሚጨመር ማናቸውም ክፍል ለአዲስ ሕንፃ የተቀመጠውን መስፈርት ማሟላት አለበት። ያልተነካው የሕንፃው ክፍል ግን እንዲሻሻል አይገደድም።

በዚህም ምክንያት ማቀዝቀዣውን የቀየረ ሰው መስኮቱንም ቀይር አይባልም። ሆኖም አዲሱ ማቀዝቀዣ አሮጌው በተተከለበት ዘመን በነበረው መለኪያ አይዳኝም፤ የሚዳኘው በዛሬው ነው።

እዚህ ላይ በጥገናና በቅያሬ መካከል ያለው ልዩነት ወሳኝ ይሆናል። የማራገቢያ ሞተር፣ ካፓሲተር ወይም ቴርሞስታት መቀየር በአብዛኛው እንደ ጥገና ይቆጠራል፤ አዲስ ግዴታም አያስከትልም። ኮምፕረሰሩን የያዘው የውጭ ክፍል በሙሉ ሲነሳ፣ የሞቀ ውኃ ቦይለር ሲተካ ወይም አዲስ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ ሲዘረጋ ግን ሥራው ቅያሬ ይባላል፤ ደንቡም ተፈጻሚ ይሆናል። ድንበሩ ግልጽ ካልሆነ ባለንብረቱ አሮጌውን መሣሪያ ያለማቋረጥ ማስጠገንን ሊመርጥ ስለሚችል፣ የደንብ አርቃቂዎች በዚህ ላይ ብዙ ይከራከራሉ።

የካሊፎርኒያ ልምድ፦ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም

ከአሜሪካ ግዛቶች መካከል ቀደም ብላ የሕንፃ ኃይል ደንብ ያወጣችው ካሊፎርኒያ ናት። የመጀመሪያው ደንቧ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን በየሦስት ዓመቱ ይሻሻላል። ግዛቲቱ በ16 የአየር ንብረት ቀጣናዎች የተከፈለች በመሆኗ በባሕር ዳርቻ የሚገኝ ቤትና በበረሃ ዳር ያለ ቤት አንድ ዓይነት ግዴታ የለባቸውም።

በደንቡ መሠረት ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ወይም ማሞቂያ ሲቀየር ከከተማው ወይም ከካውንቲው የሥራ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ቀጣናዎች ከመሣሪያው ጋር የተያያዙት ነባር የአየር ቱቦዎች ተፈትሸው ቀዳዳቸው መደፈን አለበት። በ2022ቱ እትም ቱቦው በጠቅላላው ሊያባክን የሚችለው አየር በመርህ ደረጃ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህ ጥብቅነት ያለምክንያት አልመጣም፤ በተለመደ የአሜሪካ ቤት በቱቦ ከሚተላለፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳና በላላ መገጣጠሚያ እንደሚጠፋ የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም ይገልጻል። የቱንም ያህል ብቃት ያለው መሣሪያ ቢገዛ ሩቡን ቀዝቃዛ አየር ጣሪያ ውስጥ ካፈሰሰ ጥቅሙ ይቀንሳል።

በሞቃታማዎቹ ቀጣናዎች በመሣሪያው ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ጋዝ መጠንም ይለካል። ጋዙ ቢያንስም ቢበዛም ኮምፕረሰሩ ከሚገባው በላይ ይለፋል። የማረጋገጡ ሥራ የሚሰጠው ከተካዩ ድርጅት ነጻ ለሆነና የምስክር ወረቀት ላለው መርማሪ ነው። ደንቡ ሁኔታን ያገናዘቡ ልዩ አንቀጾችም አሉት፤ ለምሳሌ በአስቤስቶስ የተሸፈኑ አሮጌ ቱቦዎች ለጤና አደገኛ ስለሆኑ ከፍተሻው ነጻ ናቸው።

በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ቤት ለገዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። ያለፈቃድ የተሠራ ቅያሬ ቤቱ በሚሸጥበት ጊዜ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ፈቃድ አውጥቶ የማረጋገጫ ሰነድ ከሚያስረክብ ባለሙያ ጋር መዋዋል ዋጋው ከፍ ቢልም ይመከራል።

የጀርመን ልምድ፦ ማሞቂያው በድንገት ቢሞትስ?

በቀዝቃዛ አገራት ክርክሩ በማሞቂያ ላይ ነው። ጀርመን በ2023 አጽድቃ ከጥር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው የሕንፃ ኢነርጂ ሕግ ማሻሻያ፣ አዲስ የሚተከል ማሞቂያ ቢያንስ 65 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ከታዳሽ ምንጭ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ግዴታው በቅድሚያ የጀመረው በአዳዲስ የግንባታ መንደሮች ነበር። ለነባር ሕንፃዎች ከየከተማው የሙቀት አቅርቦት ዕቅድ ጋር ተያይዞ፣ ከ100 ሺህ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች እስከ 2026 አጋማሽ፣ ለሌሎቹ እስከ 2028 አጋማሽ ጊዜ ተሰጠ። በሥራ ላይ ያለ ማሞቂያ እንዲነቀል አልተጠየቀም፤ ሊጠገንም ይችላል።

ሕጉ ከፍተኛ የፖለቲካ ውዝግብ አስነስቷል። በ2025 ሥልጣን የያዘው ጥምር መንግሥትም ደንቡን እንደሚለውጥ በስምምነት ሰነዱ አስታውቋል። የሕጉ ዕጣ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለት ድንጋጌዎቹ ለሌሎች አገራት ትምህርት ይሆናሉ።

የመጀመሪያው የድንገተኛ ብልሽት ጉዳይ ነው። ማሞቂያው በክረምት መሐል የቆመበት ሰው ተረጋግቶ አማራጭ ሊያጠና አይችልም። በዚህም የተነሳ ሕጉ መስፈርቱን የማያሟላ መሣሪያ ለጊዜው ተክሎ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደሚያሟላው እንዲሸጋገር ፈቅዷል።

ሁለተኛው ማን ይክፈል የሚለው ነው። ማሞቂያውን የሚገዛው አከራዩ ሲሆን የኃይል ሂሳቡን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። አከራዩ ለቅያሬው ያወጣውን ወጪ በኪራይ ላይ መጨመር ቢችልም፣ በዚህ ሕግ መሠረት ለሚደረግ የማሞቂያ ቅያሬ ጭማሪው በወር በካሬ ሜትር ከ50 ሳንቲም ዩሮ እንዳይበልጥ ገደብ ተበጅቶለታል። 60 ካሬ ሜትር ቤት የተከራየ ሰው በዚህ ምክንያት ሊጨመርበት የሚችለው በወር ቢበዛ 30 ዩሮ ነው ማለት ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ፦ ቁጥጥሩ በወደብ ይጀምራል

በቀጣናው የዚህ ዓይነት ዝርዝር የተከላ ደንብ የተለመደ አይደለም። ይህ ማለት ግን ምንም ሕግ የለም ማለት አይደለም።

ኬንያ በ2016 ባወጣችው የመሣሪያዎች የኃይል ብቃትና መለያ ደንብ፣ ቱቦ አልባ አየር ማቀዝቀዣዎችን ጨምሮ የተወሰኑ ዕቃዎች ወደ አገር ከመግባታቸውና ከመሸጣቸው በፊት መመዝገብና ዝቅተኛውን የብቃት መስፈርት ማሟላት እንዳለባቸው ደነገገች። መሣሪያው ላይ የሚለጠፈው መለያ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ያሳያል፤ ኮከቡ በበዛ ቁጥር ለተመሳሳይ ቅዝቃዜ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ያንሳል። ደንቡን የሚያስፈጽመው የኢነርጂና ነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው።

ለነባር ሕንፃዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2012 የወጣው የኬንያ የኢነርጂ አስተዳደር ደንብ ነው። በዓመት 180 ሺህ ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚጠቀም ድርጅት በየሦስት ዓመቱ የኃይል ኦዲት እንዲያስደርግ ያስገድዳል። ከዚህም አልፎ ኦዲቱ ሊድን ይችላል ካለው ኃይል ቢያንስ ግማሹን የሚያድን እርምጃ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት መወሰድ አለበት። ትላልቅ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና የቢሮ ሕንፃዎች በዚህ ሥር ይወድቃሉ። በእነዚህ ሕንፃዎች ማቀዝቀዣው ከትላልቆቹ የኃይል ተጠቃሚዎች አንዱ በመሆኑ፣ ኦዲቱ ወደ ቅያሬ መምራቱ የተለመደ ነው።

ሩዋንዳ በ2019 ብሔራዊ የማቀዝቀዣ ስትራቴጂ አውጥታለች፤ ለአየር ማቀዝቀዣዎችና ለፍሪጆችም ዝቅተኛ የብቃት መስፈርት አስቀምጣለች። በዚያው ዓመት ያስተዋወቀችው የአረንጓዴ ሕንፃ ዝቅተኛ መስፈርት ሥርዓት ደግሞ የሕንፃ ፈቃድ አሰጣጥን ከኃይልና ከውኃ ቁጠባ ጋር አያይዟል።

በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኃይል ብቃትና ቁጠባን ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሥራዎች አንዱ አድርጎታል። ኃላፊነቱ አሁን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። በብቃት መስፈርት ረገድ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የተሠራው ሥራ ነው፤ በአገሪቱ ቤቶች ብዙ ኃይል ከሚወስዱት ዕቃዎች ምጣድ ቀዳሚ በመሆኑ ምርጫው ምክንያታዊ ነበር። የሕንፃ ሕጉ ትኩረት በበኩሉ በግንባታ ፈቃድ፣ በመዋቅር ጥንካሬና በደኅንነት ላይ ነው። በዚህ መሐል በአዲስ አበባ በመስታወት የተሸፈኑ ረጃጅም ሕንፃዎች በርክተዋል፤ በጎናቸው የሚደረደሩት የማቀዝቀዣ የውጭ ክፍሎችም አብረው ጨምረዋል።

ከቀጣናው ውጭ ያለችው ጋና ሌላ መንገድ አሳይታለች። በ2005 ለአየር ማቀዝቀዣዎች የብቃት መስፈርት ካወጣች በኋላ፣ በ2008 ባወጣችው ሕግ ያገለገሉ ፍሪጆችና አየር ማቀዝቀዣዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች፤ ክልከላው ከ2013 መጀመሪያ አንስቶ በጥብቅ ተፈጻሚ ሆነ። ምክንያቱም ሌላ ቦታ ብቃት የለውም ተብሎ የተነቀለ መሣሪያ በአፍሪካ ገበያ እንደ አዲስ ምትክ ይሸጥ ስለነበር ነው።

ሥጋቱ አሁንም አላበቃም። የበለጸጉት አገራት ደንባቸውን ባጠበቁ ቁጥር፣ እዚያ የማይሸጥ ሞዴል ቁጥጥር ወደላላበት ገበያ የማቅናት ዕድሉ ይሰፋል።

ጋዙስ? ከኪጋሊ ስምምነት የሚመጣው ግዴታ

ማቀዝቀዣ ሲቀየር ከኤሌክትሪክ ፍጆታው ባልተናነሰ ሊታይ የሚገባው በውስጡ ያለው ጋዝ ነው። በአሮጌ መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው አር-22 የኦዞን ሽፋንን ይጎዳል። በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት በማደግ ላይ ያሉ አገራት በ2030 አጠቃቀማቸውን በ97.5 በመቶ መቀነስ አለባቸው። የሚቀረው ጥቂት መጠን ለነባር መሣሪያዎች ጥገና ብቻ ሲሆን እሱም በ2040 ያበቃል።

አር-22ን በስፋት የተካው አር-410ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ከባቢ አየርን በማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2000 እጥፍ በላይ ነው። በጥቅምት 2016 በኪጋሊ የጸደቀው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ማሻሻያ እንዲቀነሱ የወሰነው እንዲህ ያሉ ጋዞችን ነው። ሩዋንዳ ማሻሻያውን በ2017፣ ኡጋንዳ በ2018፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ2019፣ ኬንያ በ2023 አጽድቀዋል።

የቀጣናው አገራት ባሉበት ምድብ የጋዞቹ አጠቃቀም ከ2024 ጀምሮ ከተቀመጠው ጣሪያ እንዳያልፍ ተወስኗል። ከዚያም በ2029 በ10 በመቶ፣ በ2035 በ30 በመቶ፣ በ2040 በ50 በመቶ፣ በ2045 በ80 በመቶ ይቀነሳል። አቅርቦቱ እያነሰ ሲሄድ ዋጋው መወደዱ አይቀርም። ዛሬ በአር-22 ወይም በአር-410ኤ የሚሠራ መሣሪያ የሚተክል ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ለጥገና የሚያስፈልገውን ጋዝ በውድ ሊገዛ ወይም ጭራሽ ሊያጣ ይችላል። በአሜሪካ ከጥር 2025 ጀምሮ የማሞቅ አቅማቸው ከ700 እጥፍ በላይ በሆኑ ጋዞች የሚሠሩ አዳዲስ የመኖሪያ ቤት ማቀዝቀዣዎች እንዳይመረቱና ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል።

አማራጭ ሆነው የቀረቡት አር-32 እና አር-290 የተባሉት ጋዞች ናቸው። አር-32 የማሞቅ አቅሙ 675 እጥፍ ገደማ ነው። አር-290 ደግሞ የተጣራ ፕሮፔን ሲሆን በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ አነስተኛ ነው። ሁለቱም ግን የመቀጣጠል ባሕርይ አላቸው፤ አር-32 በመጠኑ፣ አር-290 በከፍተኛ ደረጃ። ለሌላ ጋዝ በተሠራ አሮጌ መሣሪያ ውስጥ እነዚህን መሙላት እሳት ወይም ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላል። አር-410ኤም ቢሆን ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ የበለጠ ግፊት ስላለው በአሮጌው ኮምፕረሰር ውስጥ ሊገባ አይገባም። ስለሆነም የጋዝ ለውጥ ማለት በአብዛኛው የመሣሪያ ለውጥ ማለት ነው።

በሂሳብ ሲታይ

ገበያ ላይ 12 ሺህ ቢቲዩ የሚባለው የተለመደ ማቀዝቀዣ 3.5 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከክፍሉ ያወጣል። ብቃቱ የሚለካው ያወጣው ሙቀት ለወሰደው ኤሌክትሪክ ሲካፈል ነው። ብቃቱ 2.5 የሆነ መሣሪያ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 1.4 ኪሎዋት ይወስዳል። ብቃቱ 3.5 የሆነው ግን ለተመሳሳይ ቅዝቃዜ የሚበቃው 1 ኪሎዋት ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች በዓመት 300 ቀናት በቀን 8 ሰዓት በሙሉ አቅም ቢሠሩ፣ የመጀመሪያው 3,360፣ ሁለተኛው 2,400 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ልዩነቱ 960 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሃያ ክፍል ባለው ሆቴል ይህ በዓመት 19,200 ይደርሳል፤ በ12 ዓመት ውስጥ ደግሞ 230,400 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በተግባር ኮምፕረሰሩ ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ ስለማይሠራ አሃዙ ዝቅ ሊል ይችላል፤ የሁለቱ ንጽጽር ግን አይለወጥም። አንባቢው ይህን በአካባቢው ታሪፍ አባዝቶ ከመሣሪያዎቹ የዋጋ ልዩነት ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል።

ታሪፉም ባለበት የሚቆም አይደለም። በኢትዮጵያ ከመስከረም 2024 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ፣ ኬንያ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ይገዛሉ። በአንዱ አገር ሕንፃ የሚባክነው ኃይል የሌላውንም አቅርቦት ይነካል።

እዚህ ላይ የጀርመኑ ጥያቄ በቀጣናውም ይነሳል። መሣሪያውን የሚገዛው አከራይ ርካሹን ቢመርጥ ለእሱ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ተከራዩ ነውና። ተከራዩ ራሱ ሲገዛ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊለቀው ለሚችል ሱቅ ወይም ቢሮ ውድ መሣሪያ መትከል አያጓጓውም። መለያና ዝቅተኛ መስፈርት ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መጥፎውን ምርጫ ከገበያው ስለሚያወጣ ሁለቱም ወገኖች ቢያንስ ከተወሰነ ደረጃ በታች አይወርዱም።

የሌላ አገር ኮድ መገልበጥ ይበቃል?

አይበቃም። ምክንያቱም የቀጣናው የአየር ጠባይ በአጭር ርቀት ውስጥ በእጅጉ ይለያያል።

የማቀዝቀዣዎች አቅም በመደበኛነት የሚፈተነው ውጭ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። በጅቡቲ፣ በበርበራ፣ በአሰብ፣ በምጽዋና በአፋር ቆላዎች በጋው ከዚህ ያልፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ በ46 ዲግሪ የሚፈተኑና ቲ-3 የሚል ምድብ የተሰጣቸው መሣሪያዎች አሉ። በ35 ዲግሪ ጥሩ ብቃት ያሳየ መሣሪያ በ46 ዲግሪ አቅሙ ይቀንሳል፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ግን ይጨምራል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ችግሩ ሌላ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያው የሚያንቀሳቅሰው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው፤ የመሣሪያ መጠን ሲወሰን ይህ ሊታሰብ ይገባል። በሌላ በኩል የውጭው አየር ዓመቱን ሙሉ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በአሜሪካ ኮዶች ከተወሰነ አቅም በላይ ያለው ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ የውጭው አየር ሲበርድ ኮምፕረሰሩን አሳርፎ ያንኑ አየር እንዲያስገባ ይጠየቃል። እንደ አዲስ አበባ ላለ ደጋማ ከተማ ይህ ድንጋጌ ከብዙዎቹ ይልቅ ጠቃሚ በሆነ ነበር። በመስታወት ለተሸፈነ ሕንፃ ደግሞ ማቀዝቀዣ ከመጨመር በፊት ፀሐይን ከውጭ በኩል መከለልና የሚከፈት መስኮት ማበጀት ርካሹ መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

ከመቀየር በፊት ሊጠየቁ የሚገቡ ነገሮች

ዝርዝር የተከላ ደንብ በሌለበት ባለንብረቱ በራሱ ውል ክፍተቱን መሙላት ይችላል። ባለሙያዎች የሚመክሯቸው ዋና ዋና ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የአሮጌውን መጠን እንዳለ አይድገሙ። የክፍሉ ስፋት፣ የመስኮቱ አቅጣጫ፣ የሰውና የኮምፒውተር ብዛት ተሰልቶ መጠኑ ይወሰን። ከልክ በላይ ትልቅ መሣሪያ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይጠፋል፤ እርጥበቱንም በደንብ አያወጣም።

ሁለተኛ፣ የብቃት ቁጥሩንና መለያውን ይጠይቁ። ሁለት መሣሪያዎች 12 ሺህ ቢቲዩ ስለተባሉ ብቻ እኩል ኤሌክትሪክ አይወስዱም። በቆላ አካባቢ ከሆኑ የቲ-3 ምድብ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ የጋዙን ዓይነት በመሣሪያው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ያንብቡ። አር-22 ከሆነ አይግዙ። አር-32 ወይም አር-290 ከሆነ ተካዩ በእነዚህ ጋዞች ላይ የሠለጠነ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ የተከላውን ጥራት በውሉ ውስጥ ያስገቡ። አዲስ ስፕሊት ሲተከል ቧንቧው ጋዝ ከመለቀቁ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ሊወጣለት፣ መፍሰሱ ሊፈተሽ፣ የመዳብ ቧንቧውም በሙቀት ማገጃ ሊሸፈን ይገባል። የአየር ቱቦ ያለው ሥርዓት ከሆነ ቱቦው አብሮ ይፈተሽ።

አምስተኛ፣ የአሮጌው መሣሪያ ጋዝ ወደ አየር እንዳይለቀቅ፣ ይልቁንም በጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር እንዲገባ ይጠይቁ። አሮጌውን መሣሪያ ለሁለተኛ እጅ ገበያ መስጠት ደግሞ ችግሩን ወደ ሌላ ሰው ግድግዳ ማዛወር ነው።

ስድስተኛ፣ ብልሽት እስኪመጣ አይጠብቁ። መሣሪያው ዐሥር ዓመት ከሞላው ተተኪውን፣ ዋጋውንና ተካዩን አስቀድሞ መለየት በኋላ ከሚደረግ ሲቃጠል በቅጠል ግዢ ያድናል።

ዛሬ በቀጣናው ግድግዳዎች ላይ እየተሰቀሉ ያሉት ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ በ2035 የኪጋሊው የ30 በመቶ ቅነሳ ሲደርስ ገና በሥራ ላይ ይሆናሉ። ወደብ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚገባ ይወስናል። ያ መሣሪያ ቃል የተገባለትን ያህል ኃይል መቆጠቡ ግን የሚወሰነው በተተከለበት ቀን በሚሠራው ሥራ ነው።